ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፦ የሰውን ጠባይ በአውሬ ምሳሌ ያሳዩ ጸሐፌ ተውኔት

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ደራሲ፣ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ፣ አስተዳዳሪና ዲፕሎማት ነበሩ። በትያትር ታሪካችን ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው፣ በመድረክ ላይ የሚታይ እንቅስቃሴ ጠባይን የሚገልጥ መሆን እንዳለበት በሥራቸው ስላሳዩ ነው።

ልደትና ትምህርት

በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሰያ ደብር በተባለ ስፍራ ተወለዱ። በልጅነታቸው በሐረር በራስ መኰንን ቤት አድገዋል። ራስ መኰንንን ተከትለው በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ገና ታዳጊ ነበሩ። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተወስደው በዚያ ለበርካታ ዓመታት ኖሩ፤ የመድፈኛ መኰንንነት ትምህርትም ተከታተሉ። የአውሮፓን ትያትር ያወቁት በእነዚህ የውጭ አገር ዓመታት ነው።

የተውኔቱ አነሣሥ

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ትያትር ነው ተብሎ ወደ ተዘጋጀ ትርኢት ተጋበዙ። በዚያ ያዩት ግን ዘፈን፣ ጭፈራና ጨዋታ ብቻ ነበር። እንቅስቃሴ ሞልቷል፤ ነገር ግን የሚንቀሳቀሰው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚሻና ምን እንደሚፈራ የሚናገር ታሪክ አልነበረም። ይህን ጉድለት ለመሙላት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ።

የአውሬው ምሳሌነት

የተውኔቱ መነሻ በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው የፈረንሳዊው ባለቅኔ የላ ፎንቴን ተረቶች ናቸው። ይህ ምርጫ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች እንግዳ አልነበረም። የአንበሳን ግርማ፣ የጦጣን ብልጠት፣ የጅብን ሆዳምነትና የአህያን ታጋሽነት ሁሉም ከልጅነቱ በተረት ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ ተዋናይ የአውሬውን አረማመድ ይዞ ሲገባ፣ ገና ቃል ሳይናገር ጠባዩ ይታወቃል።

የዚህን ስልት ኃይል ከላ ፎንቴን ተረቶች አንዱ በግልጽ ያሳያል። በአውሬዎች ዘንድ ቸነፈር ይነሣና እያንዳንዱ ኃጢአቱን እንዲናዘዝ ይታዘዛል። ብዙ በጎችን የበላው አንበሳ ይቅር ይባላል፤ ከገዳም መስክ ጥቂት ሣር የነጨችው አህያ ግን ይፈረድባታል። እንዲህ ያለ ታሪክ መድረክ ላይ ሲወጣ ብዙ ንግግር አይሻም። ማን ወደ ዙፋኑ ተጠግቶ እንደሚቆም፣ ማን እንደሚያጎነብስ፣ ማንስ ከአህያዋ አጠገብ ቀስ ብሎ እንደሚሸሽ ማየት ይበቃል።

እገዳው

«ፋቡላ» በአዲስ አበባ መኳንንት በተገኙበት ታየ። በአውሬዎቹ አማካይነት የነቀፈው የዘመኑን ብልሹ አስተዳደርና ጉቦኝነት ነበር። አውሬዎቹ የማንንም ባለሥልጣን ስም አልያዙም፤ ተመልካቹ ግን ስሙን በልቡ ሊጨምርበት ይችል ነበር። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ትያትር ማሳየት ተከለከለ። እገዳው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ድረስ ቆይቶ፣ መድረኩ ለዓመታት ዝም አለ።

ከመድረክ ወደ አስተዳደር

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ግን ከሕዝብ አገልግሎት አልራቁም። በጨርጨር አውራጃ ገዥነት ሠርተዋል፤ የገንዘብ ሚኒስትርም ሆነዋል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የአገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። ረቂቁ በአብዛኛው የጃፓንን ሕገ መንግሥት የተከተለ ሲሆን፣ ከፍተኛውን ሥልጣን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተወ ነበር። ቢሆንም አስተዳደር በተጻፈ ሕግ እንዲመራ የሚያስችል መንገድ ከፍቷል። ፋሺስት ኢጣሊያ ለወረራ በምትዘጋጅበት ጊዜም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ ተከራክረዋል።

ከረጅም የስደት ዓመታት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በሂርና በእርሻ ሥራ ኖሩ። በ1969 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የሕይወት ታሪካቸውን ራሳቸው የጻፉት መጽሐፍ ከዕረፍታቸው በኋላ ታትሞ ለአንባቢ ደርሷል። አንድ ጊዜ የታገደው «ፋቡላ»ም ዛሬ የዘመናዊ የኢትዮጵያ ትያትር ታሪክ በተነሣ ቁጥር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጠቀሳል።