የግምጃ ቤቱን ቁልፍ የያዙት መሪ

ባርባዶስ ከካሪብያን ደሴቶች በስተምሥራቅ ጫፍ የምትገኝ፣ ስፋቷ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ለብዙ ዘመን በሸንኮራ አገዳ ስትተዳደር የኖረች ደሴት ናት። ዛሬ የምናነሣቸው ሚስተር ኤሮል ባሮው በዚህችው ደሴት በ1920 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል የበረራ መንገድ መሪ ሆነው ከ40 ጊዜ በላይ ለውጊያ ወጡ። ከዚያም በሎንዶን ኤኮኖሚና ሕግ ተምረው በ1950 ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በ1961 ፓርቲያቸው ምርጫውን ሲያሸንፍ፣ ከመንግሥቱ መሪነት ጋር የገንዘብ ሚኒስትርነቱንም በእጃቸው አደረጉት። ገንዘብ ጠያቂውም ፈቃጁም አንድ ሰው ሲሆን ከልካዩ ማን ሊሆን ነው? ይህን አሠራር እኛ ለማመስገን እንቸገራለን። ሆኖም ገንዘቡ የት እንደ ዋለ መመልከት ይገባል። በ1962 በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይከፈል የነበረው ገንዘብ ቀረ፤ የአገዳ ቆራጩም ልጅ ከባለርስቱ ልጅ ጎን ለመቀመጥ በቃ። ለተማሪዎች የሚሰጠው ምሳም ተስፋፋ። (ባሮው ራሳቸው ወጥ ቤት ገብተው ማብሰል የሚወዱ ሰው ነበሩ።) አገሪቱ በኖቬምበር 30 ቀን 1966 ነጻነቷን አገኘች፤ በ1972 ደግሞ የራሷን ማዕከላዊ ባንክ አቋቋመች።

በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ኑሮ ተወደደ። በ1976 ሕዝቡ በድምፁ ከሥልጣን አወረዳቸው። ዐሥር ዓመት ጠብቀው በ1986 ከ27ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች ፓርቲያቸው 24ቱን ወስዶ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ግን የገንዘብ ሚኒስቴሩን ለሌላ ሰው ሰጡ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ጁን 1 ቀን 1987፣ በሥራ ላይ እንዳሉ ዐረፉ።