አቡነ አረጋዊና የደብረ ዳሞ ገመድ

በኢትዮጵያ የምንኵስና ታሪክ ስማቸው በክብር ከሚነሣው አበው መካከል አቡነ አረጋዊን የሚለያቸው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ስማቸው ከአንድ ገደልና ከአንድ ገመድ ጋር ተሳስሮ እስከ ዛሬ መኖሩ ነው። ከሐዋሳ መሃል ከተማ ተነሥቶ የታቦርን ተራራ የሚወጣ ሰው ከእግሩና ከትንፋሹ በቀር ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣ ሰው ግን ከላይ ሆኖ የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። እኛ የግንባታ ሙያ ማኅበርተኞች የእኒህን አባት ሕይወት ልናስበው የሚገባን፣ መንገድ ተሠርቶላቸው ሳለ ያው መንገድ እንዲፈርስ ስለ ወሰኑ ነው።

ገድላቸው እንደሚተርከው፣ አቡነ አረጋዊ ከሮም ነገሥታት ወገን ከይስሐቅና ከእድና የተወለዱ ሲሆን የመጀመሪያ ስማቸው ዘሚካኤል ነበር። አረጋዊ ማለት ሽማግሌ ማለት ነው፤ ይህም ስም የተሰጣቸው ገና በወጣትነታቸው በማስተዋል የበሰሉ ስለ ነበሩ ነው ይባላል። ገድሉ በአባ ጳኩሚስ እጅ እንደ መነኰሱ ቢናገርም፣ ጳኩሚስ ያረፈው በ4ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ስለ ሆነ፣ ነገሩ በጳኩሚስ ሥርዐት መነኰሱ ማለት ሳይሆን አይቀርም። በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ6ኛው መጀመሪያ ገደማ፣ ተስዐቱ ቅዱሳን ተብለው ከሚጠሩት ባልንጀሮቻቸው ጋር ወደ አክሱም መጡ። በዚያም ጥቂት ዘመን አብረው ከኖሩ በኋላ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ተራራ ፍለጋ ተለያዩ።

አቡነ አረጋዊ የመረጡት ተራራ በትግራይ ከአድዋ ወደ አዲግራት በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ አናቱ ሜዳ ዙሪያው ግን ቀጥ ያለ ገደል የሆነ አምባ ነው። መውጫው ላይ እንኳ የገደሉ ቁመት 15 ሜትር ያህል ይደርሳል። አባ በዚህ ግድግዳ ሥር ቆመው መውጫ ባጡ ጊዜ፣ በአምባው ላይ ይኖር የነበረ ዘንዶ በመልአኩ በቅዱስ ሚካኤል ትእዛዝ ወደ ላይ እንዳወጣቸው ገድሉ ይናገራል። ሠዓሊዎቻችንም ሥዕላቸውን ከዘንዶው ለይተው አይሥሉም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሙያችን ይበልጥ የሚቀርብ ነው። አፄ ገብረ መስቀል በአምባው ላይ ቤተ ክርስቲያን ሊያሠሩ ተነሡ። ድንጋይና ግንድ ወደ ላይ የሚጓጓዝበት መወጣጫም በገደሉ ላይ ተሠራ። ሕንፃው ሲፈጸም ንጉሡ መወጣጫው ምን ይሁን ብለው ቢያማክሯቸው፣ አባ እንዲፈርስ አዘዙ። ዳሞ የሚለው ስም ራሱ ይህን አፍርሰው ከሚል የግእዝ ቃል እንደ ወጣ የአገሩ ትውፊት ያስረዳል። በመወጣጫው ፈንታ የቀረው ገመድ ብቻ ሆነ።

አወጣጡ ዛሬም እንደዚያው ነው። አንድ ወፍራም የተገመደ ጠፍር ከላይ ይንጠለጠላል፤ ሌላው ገመድ በወጪው ወገብ ይታሰራል። ወጪው ጠፍሩን በእጁ ጨብጦ፣ እግሩን በአለቱ ላይ አስደግፎ፣ ሰውነቱን ከግድግዳው ራቅ አድርጎ ይወጣል፤ ከላይ ያለው መነኩሴ የወገቡን ገመድ እያጠበቀ ይስባል። ልምድ የሌለው ሰው ፈርቶ ደረቱን ወደ አለቱ ባስጠጋ መጠን እግሩ ይንሸራተታል። በአውሮፓ የአልፕስን የግራናይት ጫፎች የሚወጡ ሰዎችም የሚድኑት በዚሁ ዘዴ፣ በባልንጀራ እጅ በተያዘ ገመድ ነው። ይሁንና ፓካርና ባልማ የተባሉት ሁለት ሰዎች የሞንብላንን ጫፍ የረገጡት እ.ኤ.አ. በ1786 ነበር፤ ያውም ያለ ገመድ።

የአባ ውሳኔ ዋጋ ያስከፈለ ውሳኔ ነበር። እህሉም ዕቃውም ሁሉ በገመድ መሳብ ነበረበት። ለውሃ ከአለቱ የተፈለፈሉ ጕድጓዶች የዝናቡን ውሃ ያጠራቅማሉ። ሴቶች ወደ ደብሩ እንዳይወጡ ሥርዐት ስለ ተሠራ፣ ልጃቸውን ተከትለው የመጡት እናታቸው እድና ከተራራው ሥር ከመነኰሳይያት ጋር ኖሩ። ልጅ ከላይ፣ እናት ከታች ሆነው ዘመናቸውን ፈጸሙ።

የውሳኔው ጥቅም የታየው ግን ከ1,000 ዓመት በኋላ ነው። በኢማም አሕመድ ዘመቻ ጊዜ ብዙ አድባራት ሲቃጠሉ ደብረ ዳሞ ሳይያዝ ቀረ። አፄ ልብነ ድንግል እ.ኤ.አ. በ1540 በዚያው ዐረፉ። በአምባው ተጠግተው የነበሩት እቴጌ ሰብለ ወንጌልም በ1541 በክሪስቶፎ ዳ ጋማ የሚመራው የፖርቱጋል ጦር ሲደርስ ወርደው ከእርሱ ጋር ተገናኙ። የድንጋይ ረድፍና የእንጨት ሠረገላ እየተፈራረቁ የታነጸው፣ ጣራው በተቀረጹ የአራዊት ምስሎች ያጌጠው ቤተ ክርስቲያንም ተርፎ፣ በ1948 ዴሪክ ማቲውስ በተባለ እንግሊዛዊ አርኪቴክት ተጠግኗል። መወጣጫው ቢቆይ ኖሮ ይህ ሁሉ መትረፉ ያጠራጥራል።

አቡነ አረጋዊ ሞቱ ሳይሆን ተሰወሩ ይባላል፤ መታሰቢያቸውም ጥቅምት 14 ቀን ይከበራል። ከእርሳቸው በኋላ ደብሩን የመሩት ደቀ መዝሙራቸው አባ ማትያስ ነበሩ።

የእኛ ሙያ ሰው ያልደረሰበትን እንዲደርስበት መንገድ መሥራት ነው፤ በዚህም ልንኮራ ይገባል። ሆኖም ደረጃም ሆነ ድልድይ ከመዘርጋታችን በፊት፣ በሚከፈተው መንገድ ማን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚጠፋ መጠየቅ የሥራችን ክፍል ነው። በደብረ ዳሞ ይህ ጥያቄ የተጠየቀው ሥራው ካለቀ በኋላ ቢሆንም፣ መልሱ የተሠራውን ለማፍረስ እንኳ ያላመነታ ነበር። ጠፍር ያልቃል፤ ስለዚህም ያንን ደብር የሚጠብቀው በየትውልዱ አዲስ ጠፍር የሚገምድና ከገደሉ አፍ ቆሞ የሚይዝ ሰው ነው።