ዶክተር ሆልምስና ሕንፃው

በኒው ሃምፕሻየር ግዛት፣ ጊልማንተን በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1861 የተወለደው ኸርማን ዌብስተር መጅት በታሪክ የሚታወቀው ራሱ ባወጣው ስም፣ በዶክተር ኤች. ኤች. ሆልምስነት ነው። በ1884 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ። በ1886 ሺካጎ ገብቶ ኢንግልውድ በተባለው ሰፈር በአንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠረ፤ ብዙም ሳይቆይ መድኃኒት ቤቱን የራሱ አደረገው። እስከ ዛሬ ከስሙ ጋር አብሮ የሚነሣውን ሕንፃ ያስጀመረው በ1887፣ ከዚሁ መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት ነው።

ስለዚህ ሕንፃ የሚወራውን የሙያ ባልደረቦቼ ሳይሰሙት አይቀሩም። የጋዝ ክፍሎች፣ ሬሳ ወደ ምድር ቤት የሚወርድበት ቦይ፣ ለ1893ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን የመጡ እንግዶች በመቶ እየተቆጠሩ ያለቁበት ሆቴል ይባላል። ሕንፃው ግን ሲጀመር ከታች ሱቆች፣ ከላይ የሚከራዩ ክፍሎች ያሉት ተራ ባለ ሁለት ደርብ ቤት ነበር። ሦስተኛው ደርብ በ1892 ለሆቴል ተብሎ ቢጨመርም ሆቴሉ በወጉ ሥራ አልጀመረም። ስውር ክፍሎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ሆልምስ ግን በዱቤ የወሰደውን ዕቃ ከባለገንዘቦቹ ይሸሽግባቸው ነበር። ዋጋቸውን የተነፈጉ ሰዎች በየፍርድ ቤቱ ከሰውታል። ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ወሬው ግድግዳውን ሲያገዝፍ ሰውየው የተራቀቀበትን መሣሪያ፣ ማለት ውልንና ፊርማን አስረስቷል።

የጠፉትም መንገደኞች ሳይሆኑ ያመኑት ሰዎች ናቸው። ጁሊያ ኮነር ከትንሽ ልጇ ከፐርል ጋር በ1891 መጨረሻ፣ ኤሜሊን ሲግራንድ በ1892፣ ሁለቱ የዊልያምስ እኅትማማቾች በ1893 ደብዛቸው ጠፋ።

የወደቀው በኢንሹራንስ ጉዳይ ነው። ረዳቱ ቤንጃሚን ፒትዝል በ10,000 ዶላር የሕይወት ዋስትና ገብቶ ነበር፤ ስምምነታቸው ሞተ አስብሎ ገንዘቡን ለመካፈል ነበር። ሆልምስ ግን በሴፕቴምበር 1894 ፊላደልፊያ ውስጥ በእውነት ገደለው። ከዚያም ባልዋ በሕይወት ያለ የመሰላትን እናት አግባብቶ አሊስን፣ ኔሊንና ሃዋርድን፣ ሦስቱን ልጆች ወሰደ። እናቲቱን በአንድ ወገን፣ ልጆቹን በሌላ ወገን ከከተማ ወደ ከተማ ያዘዋውራቸው ጀመር። ልጆቹ ለእናታቸው ይጽፉ ነበር፤ ደብዳቤዎቹ አልተላኩም፤ ሆልምስ በኖቬምበር 1894 ቦስተን ላይ ከተያዘ በኋላ በንብረቱ መካከል ተገኙ።

በ1895 በጋ የፊላደልፊያው መርማሪ ፍራንክ ጋየር እነዚያን ደብዳቤዎች ይዞ ተነሣ። በየከተማው የሆቴል መዝገብ ያገላብጣል፤ ቤት አከራዮችን እያዞረ የልጆቹን ፎቶግራፍ ያሳያል። በጁላይ ሁለቱን ልጃገረዶች ቶሮንቶ ውስጥ ከአንድ ኪራይ ቤት ምድር ቤት ተቀብረው አገኛቸው። የሃዋርድ ቅሪት በኦገስት ወር ኢንዲያናፖሊስ አጠገብ ከአንድ ቤት ጭስ ማውጫ ውስጥ ወጣ። ጋዜጦች በዚያው ሰሞን የሺካጎውን ሕንፃ ምድር ቤት ማስቆፈር ይከታተሉ ስለነበር፣ ከዚህ ሰው ትዕግሥት ይልቅ የዚያ ቤት ዝና ገነነ።

ሆልምስ የተፈረደበት በፒትዝል ግድያ ብቻ ነው። ሃያ ሰባት ሰው ገድያለሁ ብሎ ተናዟል፤ ከዘረዘራቸው መካከል ግን በሕይወት ያሉ ተገኝተዋል። ሜይ 7 ቀን 1896 ፊላደልፊያ ውስጥ ተሰቀለ። በኦገስት 1895 እሳት የጎዳው ሕንፃ እስከ 1938 ቆሞ ኖሮ ፈረሰ። አስከሬኑ በራሱ ጥያቄ ማንም እንዳያወጣው በሲሚንቶ ተሞልቶ ነበር የተቀበረው። ከስቅላት አምልጧል የሚለው ወሬ ባለመብረዱ በ2017 መቃብሩ ተከፈተ፤ በጥርሱ ተመርምሮም ራሱ መሆኑ ተረጋገጠ።