ከልጇ በአምስት ቀን የምትበልጠው እናት

የህንድ ፊልም በቪዲዮ ቤት እያየ ያደገ የጂንካ ልጅ ሳንጃይ ዱትን ያውቀዋል። ያ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ ደግሞ የሚያሳዝን ክፉ ሰው ሆኖ የሚጫወተው። እናቱን ግን ብዙዎቻችን አናውቃትም። እኔን ብትጠይቁኝ በትወና እናትየው ትበልጠዋለች።

ናርጊስ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1929 ካልካታ ውስጥ ነው። የቤት ስሟ ፋጢማ ራሺድ ነበር። እናቷ ጃዳንባይ ዘፋኝ፣ ዜማ ደራሲና ፊልም ሠሪ ነበረች፤ ለዚያ ዘመን ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጇንም ገና በ1935 ካሜራ ፊት አቆመቻት። ልጅቷ ሐኪም መሆን ነበር የምትፈልገው። ግን በ1943 ዳይሬክተሩ መህቡብ ካን መሪ ተዋናይት አደረጋት። ያኔ ገና 14 ዓመቷ ነው፤ እኛ ስምንተኛ ክፍል በነበርንበት ዕድሜ ማለት ነው።

ከዚያ ራጅ ካፑር መጣ። አብረው 16 ፊልም ሠርተዋል። በ1951 በወጣው «አዋራ» እሷ ጠበቃ ሆና ፍርድ ቤት ቆማ ለወንበዴው ፍቅረኛዋ ትሟገታለች። ፊልሙ ህንድ ብቻ ሳይሆን ሶቭየት ኅብረት ድረስ ሰው አሰልፏል። የካፑር ስቱዲዮ ዓርማ ራሱ ከሁለቱ የፊልም ትዕይንት የተወሰደ ነው። ችግሩ ካፑር ባለትዳር ነበር፤ ትዳሩንም አልተወም። ስቱዲዮው በእሱ ስም፣ ታሪኩ በእሱ ዙሪያ፣ ዕድሜዋ ደግሞ እየሄደ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ስሌት ለመረዳት አይቸገርም። በቃ፣ ተወችው።

በ1957 የወጣው «ማዘር ኢንዲያ» እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። የድሮ ዳይሬክተሯ መህቡብ ካን ራዳ የምትባል የገበሬ ሚስት አድርጎ አጫወታት፤ ከሙሽርነት እስከ ሽበት። 30 ዓመት ያልሞላት ቆንጆ ተዋናይት ለጎረምሶች እናት ሆኖ መታየት ገበያዋን ሊዘጋባት ይችል ነበር። እሷ ግን ገባችበት። ልጇን ቢርጁን ሆኖ የተጫወተው ሱኒል ዱት ሰኔ 6 ቀን 1929 ነው የተወለደው፤ እሷ ሰኔ 1። በአምስት ቀን ብቻ ነው የምትበልጠው!

የፊልሙ ጉዳይ ደግሞ አራጣ ነው። አማት ለልጇ ሠርግ 500 ሩፒ ትበደራለች። ማንበብ ስለማትችል ውሉ ላይ የተጻፈውን አታውቅም። ሽማግሌዎች ጉዳዩን ሲያዩ ለአበዳሪው ይፈርዳሉ፤ የምርቱ ሦስት አራተኛ ለወለድ ይሄዳል። አስቡት፣ 10 ኩንታል ካገኘህ 7 ኩንታል ተኩሉ ለአበዳሪው ነው፣ 500ዋ ግን እዚያው ተቀምጣለች። ለሠርግ ተበድሮ ዓመቱን ሙሉ ሲከፍል የሚኖር ሰው እኛም ሰፈር ስላለ፣ ይህ ክፍል የሩቅ አገር ታሪክ አይመስልም።

ባልየው አለት ተጭኖት ሁለት እጁን ያጣና በሐፍረት ጥሏት ይጠፋል። በሬ የለም፤ ራዳ ማረሻውን በራሷ ትከሻ ትጎትታለች። ከጂንካ ወደ አሪ ደጋ ወጣ ብሎ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ያየ ሰው ያ ጉልበት ምን እንደሆነ ይገባዋል። ናርጊስ እዚያ ቦታ ላይ አታለቅስም፣ አትጮህም። አንገቷና ፊቷ ብቻ ነው የሚሠራው። የዘመኑ የህንድ ትወና እንባና ጩኸት የሚያበዛ ስለነበር ልዩነቱ ወዲያው ያስታውቃል። መጨረሻውን ገና ያላያችሁ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ዝለሉት፦ የአበዳሪውን ልጅ ሊጠልፍ የመጣውን የገዛ ልጇን ራሷ ተኩሳ ትገድለዋለች።

ቀረጻው ላይ የጭድ ክምር ሲቃጠል እሳቱ ከበባት። ሱኒል ዱት ዘሎ ገብቶ አወጣትና እሱ ተቃጠለ። ስታስታምመው ፍቅር ያዛቸው። ፊልሙ እስኪወጣ ድረስ ግን ደበቁት፤ እናትና ልጅ ሆነው የተጫወቱ ሰዎች ሊጋቡ ነው ቢባል ተመልካቹ ምን ይል ነበር? መጋቢት 11 ቀን 1958 ተጋቡ፤ እሷ ከሙስሊም ቤተሰብ፣ እሱ ሂንዱ። በዚያው ዓመት ፊልሙ ለኦስካር ታጨ፤ እሷም በቼኮዝሎቫኪያው የካርሎቪ ቫሪ ፌስቲቫል ምርጥ ተዋናይት ተባለች።

ከትዳር በኋላ ትወናውን ቀነሰችው። ሆኖም በ1967 በወጣው «ራት ኦር ዲን» ሁለት ማንነት ያላት ሴት ሆና ተጫውታ የአገሪቱን ብሔራዊ ሽልማት ወስዳለች። ከባሏ ጋር ድንበር ላይ ላሉ ወታደሮች ትርዒት ታሳይ ነበር። በ1980 የፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆነች፤ ያኔ ታላቁን ዳይሬክተር ሳትያጂት ራይን የህንድን ድህነት ለውጭ ሰው ያሳያል ብላ ነቅፋዋለች። የራዳን ድህነት ያሳየችን ሴት ይህን ማለቷ ለእኔ እስካሁን አልተዋጠልኝም።

የቆሽት ካንሰር ይዟት ግንቦት 3 ቀን 1981 ሞተች፤ 51 ዓመቷ ነበር። ሳንጃይ በመሪነት የተጫወተበት የመጀመሪያ ፊልም «ሮኪ» ከአራት ቀን በኋላ ለሕዝብ ሲታይ፣ አዳራሹ ውስጥ ለእሷ አንድ ወንበር ባዶ ተትቶላት ነበር። ሱኒል ዱት ደግሞ በስሟ የካንሰር ሕሙማን መርጃ ድርጅት አቋቋመ።