ያለ ድምፅ የተናገረው ሙርናው

ሲኒማ ቤት የሚገባ ሁሉ የተዋናዮቹን ስም ያውቃል፤ ከካሜራው ኋላ የቆመው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የፊልም አዘጋጁን የፍሬድሪሽ ሙርናውን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሙርናው በ1888 በጀርመን አገር በቢለፌልድ ከተማ ተወለደ። በበርሊንና በሃይደልበርግ ከተማረ በኋላ ከታዋቂው የቴአትር ሰው ከማክስ ራይንሃርት ዘንድ ገብቶ ሠራ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም በአውሮፕላን ነጂነት አገለገለ። በ1924 ባወጣው ‹‹የመጨረሻው ሰው›› በተባለው ፊልም፣ ከማዕረጉ የተሻረውን የሆቴል በረኛ ኀዘን በጽሑፍ ሳይሆን በካሜራው እንቅስቃሴ አስረዳ። ዝናው ባሕር ስለ ተሻገረ፣ ዊልያም ፎክስ የተባለው ባለሀብት ወደ ሆሊውድ አስጠራው።

በዚያም በ1927 ‹‹ሰንራይዝ››፣ ማለት ‹‹የፀሐይ መውጣት›› የተባለውን የፍቅር ፊልም ሠራ። አንድ ባላገር በከተሜ ሴት ፍቅር ተጠምዶ ሚስቱን ከጀልባ ወደ ሐይቅ ሊጥላት ያስባል፤ ራሱ የሚድንበትንም የቄጤማ ነዶ ያዘጋጃል። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ልቡ እምቢ ይለዋል። ከተማ ገብተው ይታረቃሉ፤ ማታ ሲመለሱም ማዕበል ጀልባቸውን ይገለብጠዋል። ለክፋት የታሰረው ያው ቄጤማ ሚስቲቱን ያድናታል።

ይህን ተራ ታሪክ ከፍ ያደረገው የሙርናው አሠራር ነው። ባልየው በሌሊት ወደ ረግረጉ ሲሄድ ካሜራው ከላይ በተዘረጋ ሐዲድ ተንጠልጥሎ ይከተለዋል። ከተማውንም ሲያሠራ የኋላዎቹን ቤቶች አሳንሶ በማቆም፣ አደባባዩ እጅግ የራቀ አስመሰለው። ስለ መስጠም የሚናገረው ጽሑፍ ሲመጣ ፊደሎቹ ራሳቸው ይሰጥማሉ።

ይሁን እንጂ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ‹‹ዘ ጃዝ ሲንገር›› የተባለው ድምፅ ያለው ፊልም ታየ፤ ሕዝቡም ወደ አዲሱ ነገር ነጐደ። ‹‹ሰንራይዝ›› በ1929 በመጀመሪያው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ቢሸለምም፣ የወጣበትን ብዙ ገንዘብ አልመለሰም። ኩባንያውም ከዚያ ወዲያ በሙርናው ሥራ ጣልቃ ስለ ገባ፣ እርሱ ትቶ ወደ ቦራ ቦራ ደሴት ተጓዘና ‹‹ታቡ›› የተባለውን ፊልም በራሱ ገንዘብ ሠራ። ለሕዝብ ሊታይ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በመጋቢት 1931 በካሊፎርንያ በመኪና አደጋ በ42 ዓመቱ ሞተ።

በ2012 በእንግሊዝ አገር የሚታተመው ‹‹ሳይት ኤንድ ሳውንድ›› መጽሔት የዓለምን ሐያስያን በጠየቀ ጊዜ፣ ‹‹ሰንራይዝ›› ከፊልሞች ሁሉ አምስተኛ ሆኖ ተመረጠ። ሥራ ለጀመርን ወጣቶች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ይኸውም ገበያ ባንድ ቀን የሚሰጠው ፍርድ ይግባኝ ያለው መሆኑን ያስረዳናል።