ሁለት ትምህርት የተማሩ ሐኪም፤ የዶክተር መላኩ በያን ታሪክ

ለትምህርት ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ሰው ሁለት ትምህርት ይጠብቀዋል። አንደኛው በክፍል የሚሰጠው ሙያ ነው፤ ሁለተኛው የዚያ አገር ሕዝብ ታሪክ፣ ልማድና ኑሮ ነው። አሜሪካ ሄደው ሁለቱንም አጣምረው ከተማሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። ታሪካቸውን ለተማሪ ጓደኞቼ፣ ለመምህራንና ለወላጆች በአጭሩ አቀርባለሁ። ዓመታቱ የተጻፉት በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

መላኩ በያን በ1900 ተወለዱ። ያደጉት ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተባሉት በተፈሪ መኰንን ግቢ ነው። በመጀመሪያ ለትምህርት ወደ ህንድ አገር ተላኩ፤ በ1922 ግን ከሌሎች ሁለት ኢትዮጵያውያን ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። እዚያም ፕሬዚዳንት ሃርዲንግን ካዩ በኋላ በኦሃዮ ግዛት በሙስኪንገም ኮሌጅ ገቡ።

በዚያ ዘመን አሜሪካ በቀለም የተከፈለች አገር ነበረች። በብዙ ስፍራ ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማርም፤ በአንድ ገበታም አይበላም ነበር። መላኩ የሕክምና ትምህርታቸውን የተከታተሉት በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርስቲ ነው። ይህ ትምህርት ቤት የእርስ በርስ ጦርነቱ ካለቀ ከ2 ዓመት በኋላ፣ በ1867 የተቋቋመና ብዙ ጥቁር ሐኪሞችን ያፈራ ነው። በዚያም የአፍሪካን ታሪክ ከሚያስተምሩት ከፕሮፌሰር ሊዮ ሃንስቤሪ ጋር ወዳጅ ሆኑ፤ በ1934ም ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና ማኅበር አብረው መሠረቱ። በ1931 ያገቧቸው ባለቤታቸው ዶሮቲ ሃድሊም ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ።

ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር ሕዝብ አይቈጥሩም የሚል ወሬ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ይነገር ነበር። ወሬው እውነት ተብሎ ቢቀር ኖሮ አገራችን በመከራዋ ቀን ብዙ ወዳጅ ባጣች ነበር። መላኩ ግን በቃልም በኑሮም አስተባበሉት፤ ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችም ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲያገለግሉ ይጋብዙ ነበር።

በ1935 ወደ አገራቸው ተመልሰው በጦርነቱ ጊዜ በሐኪምነት አገለገሉ፤ በ1936ም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። በዚያው ዓመት በኢሉባቦራችን፣ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በጎሬ፣ ራስ እምሩ እንደራሴ የሆኑበት መንግሥት የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ እንደያዘ ነበር። ጎሬ በኅዳር ወር በጠላት እጅ ስትወድቅ መላኩ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው በኒው ዮርክ ለኢትዮጵያ ርዳታ ይለምኑ ነበር። አንዱ ግንባር በደናችን ውስጥ፣ ሌላው በሃርለም አዳራሾች ነበረ ማለት ይቻላል።

ነሐሴ 25 ቀን 1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ የኢትዮጵያ ድምፅ የሚል ጋዜጣም ተቋቋመ። ድሃ ሠራተኛና የቤት ሠራተኛ ሳይቀር በየከተማው አባል የሆነው፣ ጠሪው የሕዝቡን ኑሮ፣ ሐዘንና ተስፋ የሚያውቅ ሰው ስለ ነበረ ነው። በክፍል የተማሩት ሕክምና ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ በር ባላስከፈተላቸውም ነበር።

ሥራው ግን ሰውነታቸውን ጐዳው። ግንቦት 4 ቀን 1940 በሳንባ ምች በ40 ዓመታቸው በኒው ዮርክ ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ልክ በዓመቱ በማግሥቱ፣ ግንቦት 5 ቀን 1941 ነው። የደከሙለትን ነፃነት በዓይናቸው አላዩትም።

እንግዲህ ከኖፓም ሆነ ከመቱ ነገ ወደ ሩቅ አገር የምንሄድ ተማሪዎች፣ የምሥክር ወረቀቱን ስናስብ የምንኖርበትን ሕዝብ ማወቅንም አንርሳ። ዶክተር መላኩ ለአገራቸው ወዳጅ ያፈሩት በዚህ ዕውቀት ነው።