ስማቸው በመዝገብ ያልሰፈረ ካህን፦ የክቡር አባ አውግስጢኖስ ቶልተን የሕይወት ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ በሚባለው ክፍል የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ወደ ኋላ እየቆጠረ ለማግኘት የሚሻ ሰው በቅድሚያ ሁለት ምስክሮችን ይጠይቃል። አንደኛው መንግሥት በየ10 ዓመቱ የሚያካሂደው የሕዝብ ቆጠራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን ሲዘግቡ የኖሩት የየከተማው ጋዜጦች ናቸው። አባቶቻቸው ከአውሮጳ ለመጡ ቤተሰቦች ይህ መንገድ ብዙውን ጊዜ ቀና ነው። አባቶቻቸው በባርነት ለነበሩ ጥቁሮች ግን መንገዱ እ.ኤ.አ. 1870 ላይ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ይቋረጣል። ይህ ለምን እንደ ሆነ የአባ አውግስጢኖስ ቶልተን ሕይወት በግልጥ ያሳየናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ቶልተን የተወለዱት ኤፕሪል 1 ቀን 1854 በሚዙሪ ግዛት ብራሽ ክሪክ በምትባል የገጠር መንደር ነው። አባታቸው ጴጥሮስ ጳውሎስ ቶልተንና እናታቸው ማርታ ጄን ቺስሊ ሁለቱም ባሮች ነበሩ፤ ጌቶቻቸውም ካቶሊካውያን ነበሩ። ሕፃኑ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ሲጠመቁ የቤቱ እመቤት ክርስትና እናት ሆኑ። በጥምቀት መዝገቡ የወላጆቻቸው ስም ተጽፏል፤ ሕፃኑ የእስጢፋኖስ ኤልየት ንብረት መሆናቸውም ተጽፏል። የሕፃኑ ስም ግን አልተጻፈም። የእግዚአብሔር ልጅ ያደረጋቸው ምሥጢር በተመዘገበበት መስመር ላይ የሰው ንብረት ተብለው ተመዘገቡ።

በመንግሥት መዝገብ የነበረው ሁኔታ ከዚህ የባሰ ነበር። በ1850ና በ1860 በተደረጉት ቆጠራዎች ባሮች የሚመዘገቡት በተለየ ቅጽ ላይ ሲሆን፣ የሚጻፈው ስም የጌታው ነበር። ከጌታው ስም በታች የእያንዳንዱ ባሪያ ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም ይሰፍራል። በ1860 የ6 ዓመት ልጅ የነበሩት አውግስጢኖስ በዚያ ቅጽ ላይ ከአንድ ቁጥር በቀር ሌላ ሊሆኑ አይችሉም ነበር።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣ አባታቸው ወደ ሰሜኑ ጦር ሄደው በዚያው ሕይወታቸው አለፈ። እናታቸው ማርታም ልጆቻቸውን ይዘው የሚሲሲፒን ወንዝ በመሻገር በኢሊኖይ ግዛት ወደምትገኘው ኩዊንሲ ከተማ ገቡ። አባ ቶልተን ቤተሰቡ ከባርነት አምልጦ እንደ ወጣ ይተርኩ ነበር፤ የኤልየት ቤተሰብ ዘሮች ደግሞ ጌታው በገዛ ፈቃዱ ነጻ ለቀቃቸው ይላሉ። የዘር ሐረግ የሚመረምር ሰው እንዲህ ያሉ ሁለት ቃሎች ሲያጋጥሙት ሁለቱንም መዝግቦ ማን እንደ ተናገረው ይለያል።

በኩዊንሲ አውግስጢኖስ ገና በልጅነታቸው በትምባሆ ፋብሪካ ሠሩ። ወደ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ቢገቡም ከምእመናን በተነሣው ተቃውሞ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለቀው ወጡ። በኋላም አየርላንዳዊው ቆሞስ አባ ጴጥሮስ ማክጊር በቁምስናቸው ትምህርት ቤት ተቀበሏቸው፤ ተቃውሞውንም ተቋቋሙ። የክህነት ጥሪያቸው ሲገለጥ ግን በአሜሪካ የሚቀበላቸው ዘርዐ ክህነት አልተገኘም። ስለዚህ በ1880 መጀመሪያ ወደ ሮማ ተጉዘው በፕሮፓጋንዳ ፊዴ ኮሌጅ ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

ኤፕሪል 24 ቀን 1886 በቅዱስ ዮሐንስ ላተራን ባሲሊካ ሥልጣነ ክህነት ተቀበሉ፤ በማግሥቱ በትንሣኤ በዓል የመጀመሪያ ቅዳሴያቸውን በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ቀደሱ። ወደ አፍሪካ እንደሚላኩ ይጠብቁ ነበር፤ ነገር ግን ተመልሰው በአሜሪካ እንዲያገለግሉ ታዘዙ። ከእርሳቸው በፊት እናታቸው ባሪያ የነበሩ የሂሊ ወንድማማቾች ካህናት ሆነዋል፤ ሕዝቡ ግን የእነርሱን ትውልድ አያውቅም ነበር። በይፋ ጥቁርነታቸው እየታወቀ በአሜሪካ በክህነት ያገለገሉ የመጀመሪያው ካህን አባ ቶልተን ናቸው።

በዚህ ጊዜ ሁለተኛው ምስክር፣ ማለትም ጋዜጣው፣ መናገር ጀመረ። በ1854 በባርነት የተወለደው ካቶሊካዊው ዳንኤል ራድ በ1886 በኦሃዮ ግዛት ለጥቁሮች ካቶሊካውያን የሚሆን ጋዜጣ አቋቁሞ ነበር። በእርሱ ጥሪ በ1889 የጥቁሮች ካቶሊካውያን ጉባኤ በዋሽንግተን ሲሰበሰብ ቅዳሴውን የቀደሱት አባ ቶልተን ነበሩ። በኩዊንሲ ግን ነጮችም ወደ እርሳቸው ቅዳሴ ይመጡ ስለነበር ከአንድ ጎረቤት ካህን ብርቱ ተቃውሞ ደረሰባቸው። በ1889 ወደ ቺካጎ ተዛወሩ፤ በዚያም የቅድስት ሞኒካን ቁምስና መሠረቱ። በ2000 ቅድስናቸው የታወጀው እናት ካትሪን ድሬክሰል ለሕንፃው ሥራ በገንዘብ ረድተዋቸዋል። እናታቸው ማርታም ወደ ቺካጎ መጥተው አብረዋቸው ኖሩ።

አባ ቶልተን በድሆች መኖሪያዎች ሲመላለሱ ጤናቸው ተዳከመ። በጁላይ 1897 ከካህናት ሱባኤ ሲመለሱ በቺካጎ በነበረው ብርቱ ሙቀት መንገድ ላይ ወደቁ፤ በማግሥቱ ጁላይ 9 ቀን በ43 ዓመታቸው ዐረፉ። አስከሬናቸው በኩዊንሲ ተቀበረ።

እንግዲህ የእኒህን ካህን ሕይወት በሕዝብ ቆጠራ ብቻ ልንከታተል ብንነሣ ምን እናገኛለን? በ1860 የባሮች ስም አይጻፍም። ከባርነት የወጡትን ሁሉ በስማቸው የመዘገበው የመጀመሪያው ቆጠራ የ1870 ነው፤ እርሱም በአንድ ቤት የሚኖሩትን ይዘረዝራል እንጂ ማን ለማን ልጅ፣ ማን ለማን ወንድም እንደ ሆነ አይገልጥም። ዝምድናን መጻፍ የጀመረው የ1880 ቆጠራ ሲደረግ እርሳቸው በሮማ ተማሪ ነበሩ። በቺካጎ ሳሉ የተደረገው የ1890 ቆጠራ መዝገብ አብዛኛው በ1921 በዋሽንግተን በተነሣ እሳት ተበላሽቶ ኋላም ተወገደ። በ1900 ደግሞ በሕይወት አልነበሩም። በምድር ላይ 43 ዓመት ሲኖሩ ስማቸው ሊፈለግበት የሚችለው ቆጠራ አንድ ብቻ ነው።

የሆነ ሆኖ ታሪካቸው አልጠፋም። የጥምቀት መዝገቡ፣ በደሉንም ጭምር ጽፎ ሳለ፣ የአባትና የእናታቸውን ስም ጠብቆ አቆየ፤ ጋዜጦች አገልግሎታቸውን መዘገቡ፤ ምእመናንም የእርሳቸውን መታሰቢያ ለልጆቻቸው አስተላለፉ። በ2010 የቺካጎ ሀገረ ስብከት የቅድስናቸውን ጉዳይ ሲጀምር መርማሪዎቹ የተመለሱት ወደ እነዚሁ ምንጮች ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2019 ክቡር ተብለው እንዲጠሩ ወሰኑ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ የዘር ሐረግ መቁጠር ለትምክሕት ከሆነ ከንቱ ነው። ስሙ ያልተጻፈለትን ሰው ፈልጎ በስሙ ለመጥራት ከሆነ ግን የፍትሕ ሥራ ነው። በብራሽ ክሪክ መዝገብ ስሙ ክፍት የቀረው ሕፃን ዛሬ በቤተ ክርስቲያን በስሙ ይጠራል። መዝገብ በእጃችን ያለን ካህናትም ሆንን የወላጆቻችንን ነገር የምናስታውስ ሁሉ፣ አንዲት መስመር ክፍት ሆና እንዳትቀር እንትጋ።